ከቆርቆሮ ሥር የሚገባ ፎም፦ የምንገዛው ውፍረቱን ነው ወይስ ጥቅጥቅነቱን?

ድሬ_ሠፈር፦
ሰላም ለመድረኩ ባለሙያዎች። ቤቱ ድሬዳዋ ነው፤ 8 በ10 ሜትር፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ቡናማ ባለ 28 ጌጅ ኢጋ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የ8 ሚሊ ቺፕውድ ኮርኒስ። ከቀትር በኋላ ውስጡ አያስቀምጥም። ፎም ሻጩ «ባለ 2 ሳንቲ ጥቅጥቁን ውሰድ፣ ከባለ 5ቱ ይበልጣል» ይላል። ጥያቄዎቼ፦ 2 ሳንቲ ይበቃል? ቆርቆሮው ላይ በማስቲሽ መለጠፍ ይቻላል? ግድግዳውንስ በፎም ማልበስ ያዋጣል?

ቴርሞስ፦
ሻጩ የሚያወራው ስለ ጥንካሬ እንጂ ስለ ሙቀት አይደለም። በነጩ ባለ እንክብል ፎም (ኢፒኤስ) ውስጥ ሙቀቱን የሚያግደው የታሰረው አየር ነው፤ ከይዘቱ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። በኪዩቢክ ሜትር 15 ኪሎ የሚመዝነው ፎም የሙቀት ማስተላለፍ መጠኑ 0.038 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል)። ክብደቱን አጥፈህ 30 ኪሎ ብታደርሰው ወደ 0.034 ይወርዳል። ፕላስቲኩ እጥፍ ሆኖ የምታገኘው ጥቅም አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ውፍረት ግን እንዲህ አይደለም። ባለ 2 ሳንቲ፣ 30 ኪሎው ፎም በካሬ ሜትር 0.6 ኪሎ ፕላስቲክ አለው። ባለ 5 ሳንቲ፣ 15 ኪሎው 0.75 ኪሎ አለው። ፕላስቲካቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ዋጋቸውም ብዙ መራራቅ አልነበረበትም፤ ሙቀት የመከልከል አቅማቸው (ውፍረቱ በሜትር ለማስተላለፍ መጠኑ ሲካፈል) ግን 0.59 እና 1.3 ነው፣ ከእጥፍ በላይ ልዩነት።

ቁጥሩን በቤትህ ልክ እናድርገው። በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ወይም ቡናማ ቆርቆሮ 65 ዲግሪ ቢደርስና ውስጡ 35 ቢሆን፣ በመካከል 30 ዲግሪ ልዩነት አለ። ኮርኒሱን ሳልቆጥር፣ ፎሙን የሚነካውን ስስ የአየር ሽፋን ግን ቆጥሬ፣ ባለ 2 ሳንቲ ተራ ፎም በ80 ካሬው ላይ በግምት 3.6 ኪሎዋት ያሳልፋል፤ ባለ 5ቱ 1.7፤ ባለ 10ሩ 0.9 ገደማ። ከ2 ወደ 5 መውጣት ሁለት ኪሎዋት ያተርፍልሃል፣ ከ5 ወደ 10 ደግሞ አንድ እንኳ አይሞላም። ለድሬዳዋ 5 ሳንቲ እላለሁ፤ አቅም ካለ 7።

ፎሙን ከመግዛትህ በፊት ግን ቆርቆሮውን ነጭ ቀባው። ከዚህ ክር ሁሉ ርካሹ ምክር ይህ ነው።

ጣሪያና_ኮርኒስ፦
ሁለተኛው ጥያቄ ላይ፦ ማስቲሽ በፍጹም። ማስቲሽ፣ ቤንዚን፣ ቲነር፣ የዘይት ቀለም፣ በሟሟ የተሠራ የሬንጅ ፕራይመር፣ ሁሉም ነጩን ፎም ያቀልጡታል። ሲለጠፍ የያዘ ይመስላል፤ በማግስቱ ፎሙ ከውስጥ ተበልቶ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ትኩስ ሬንጅማ ሳይነካው ያሟሟዋል።

ማስቲሽ ባይሆንም እንኳ ቆርቆሮው ላይ አይለጠፍም። ኢፒኤስ ለረጅም ጊዜ የሚችለው ሙቀት ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ነው፤ ጥቁር ቆርቆሮ በነፋስ የለሽ ቀን ወደዚያ ይጠጋል። ፎሙ እየተኮማተረ መጋጠሚያው ይከፈትና ሙቀቱ በክፍተቱ ይገባል። በቆርቆሮና በፎም መካከል ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ አየር ይኑር፤ ያ አየር ከጠርዙ ገብቶ በኮልሞው (በጣሪያው አናት ክዳን) በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ ይሠራለት።

ኮርኒስ ስላለህ ቀላሉ መንገድ ፎሙን በኮርኒሱ ጀርባ ማንጠፍ ነው። ቆርቆሮውን አትነካም።

መጀመሪያ የኮርኒሱን እንጨት እይ። አብዛኛው ቤት 4 በ5 ሳንቲ ሞራሌ በየ60 ሳንቲው የተመታ ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት 56 ሳንቲ ገደማ ይሆናል። ፎሙን በ57 ቁረጠው፤ ትንሽ ተጨንቆ ሲገባ ያለ ሚስማር ይቆማል። በ56 ከቆረጥከው አንዱ ጎን ሁልጊዜ ይከፈታል። ፎሙ 5 ሳንቲ፣ እንጨቱም 5 ሳንቲ ከሆነ ላያቸው እኩል ይመጣል፤ ያኔ ሁለተኛ ባለ 2 ሳንቲ ንጣፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ብትዘረጋ እንጨቱንም መጋጠሚያውንም ይሸፍናል። ሻጩ የሚያወድሰው ባለ 2 ሳንቲ ቦታው እዚያ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ስንጥቆች በጣሳ በሚሸጠው የሚረጭ ፎም ሙላ። ይሄ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ ግን በየመጋጠሚያው የግማሽ ሳንቲ ክፍተት ከተውክ ሞቃቱ አየር በዚያ ስለሚመላለስ የገዛኸው ውፍረት ዋጋ የለውም።

ብዛት፦ 80 ካሬ በ1 በ2 ሜትር ሰሌዳ 40 ነው። ለቁርጥራጭ 3 ወይም 4 ጨምር። በካተር ስትቆርጥ ምላጩን ረጅም አውጣና በሁለት ጉዞ ቁረጠው፤ በመጋዝ ከቆረጥከው ፍርፋሪው በነፋስ ሄዶ አሸንዳህን ይደፍነዋል። ብዙ የሚቆርጥ ሰው የጋለ ሽቦ ይጠቀም፤ ሽቦው ቀይ እስኪሆን መጋል የለበትም። ቀይ ከሆነ እየቆረጠ ሳይሆን እያቃጠለ ነው፣ ጭሱም አይተነፈስም። በር ክፍት ይሁን።

ለሳኙ፦
ከመግዛትህ በፊት ሚዛን ላይ አውጣው። 1 በ2 ሜትር ባለ 5 ሳንቲ ሰሌዳ 0.1 ኪዩቢክ ነው፤ ስለዚህ 1.5 ኪሎ ከመዘነ 15 ኪሎው ነው፣ 2 ኪሎ ከመዘነ 20ው ነው። 1 ኪሎ ከሆነ የዕቃ ማሸጊያ ነው፤ ለኮርኒስ ጀርባ ይሆናል፣ ለግድግዳ ግን አይሆንም። ውፍረቱንም በሜትር ለካ፤ «5 ሳንቲ» ተብሎ 4.2 የሚሸጥ አለ።

ሰሌዳውን ጫፉን ስበር። ስብራቱ እንክብሎቹን ራሳቸውን ከሰነጠቀ በደንብ የተጋገረ ነው። እንክብሎቹ ሳይሰበሩ አንድ በአንድ ከተለያዩ እንፋሎቱ ያልበቃው ነው፤ ውሃ ያስገባል፣ በእጅ ይፈረፈራል። ከፋብሪካ ትኩስ ወጥቶ ወዲያው የተቆረጠም አለ። ሳምንታት ካላረፈ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ይኮማተራል።

ተጠራጣሪ፦
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ድሬዳዋ ሌሊትም ሞቃት ነው። ቆርቆሮ በሌሊት ቶሎ ይበርዳል፤ ፎም ስትከትበት ቀን የገባውን ሙቀት ውስጥ አሽጎ ያሳድራል። ሁለተኛ፣ ይሄ ነገር ይነድዳል። እስካሁን ስለ እሳት አንድም ቃል አላየሁም።

ቴርሞስ፦
የመጀመሪያው ትክክል ነው፣ መልስም አለው። ቆርቆሮ ሌሊት ለሰማይ ሙቀት ስለሚረጭ ከአየሩ በታች ይበርዳል፤ ፎም ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ነገር ግን ማታ ቤቱን የሚያሞቀው በዋናነት ብሎኬቱና ወለሉ ቀን የጠጡት ሙቀት ነው፤ ፎም ካለ ቀን የሚጠጡት ራሱ ያንሳል። የቀረውን በነፋስ ማስወጣት ነው፦ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች፣ ከላይ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ያለው አየር ማስወጫ፣ ማታ ክፍት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዝግ። ቀን ሙሉ መስኮቱ ተከፍቶ የሚውል ቤት ላይ ፎም ብዙም አይታወቅም።

በደጋ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ችግሩ ጠዋት ከቆርቆሮ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። ክፍሉ 18 ዲግሪና 70 በመቶ እርጥበት ካለው፣ 12 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮው ከዚያ በብዙ ይወርዳል። እዚያ ፎሙ የሚጠቅመው መጋጠሚያው ከተዘጋ ብቻ ነው። ክፍት ከሆነ የወጥ ቤቱ እንፋሎት ያልፍና ከፎሙ በላይ ይንጠባጠባል፤ ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስልና ባለቤቱ ቆርቆሮ ሲቀይር ይከርማል።

ከፍራንክፈርት፦
ስለ እሳቱ እኔ ልመልስ። ኢፒኤስ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፣ ይሸሻል፤ 350 አካባቢ ላይ ነበልባል ካገኘ ይቀጣጠላል። የሚያስፈራው ነበልባሉ ብቻ አይደለም፤ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ጥቁርና ወፍራም ነው። በጣሳ የሚረጨው ፖሊዩሪቴን ደግሞ ሲነድ ሃይድሮጂን ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰው የሞተው እሳቱ ከአንድ ቤት ወጥቶ በውጭ ልባሱ ላይ ስለተዛመተ ነው። ልባሱ የፕላስቲክ ፎምና ውስጡ ፖሊኢታይሊን የሆነ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ሲሆን፣ ከኋላው ባዶ የአየር ክፍተት ነበረው። ጀርመን ውስጥ ነጩ ፎም በውጭ ግድግዳ ላይ ተፈቅዶ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ያለ አየር ክፍተት ተጣብቆ፣ በመረብና በልስን ተሸፍኖ፣ እሳቱን የሚያቋርጥ 20 ሳንቲ ቁመት ያለው የድንጋይ ሱፍ ቀበቶ በተወሰነ ከፍታ ላይ ገብቶለት ነው።

ለድሬ_ሠፈር ቤት የሚሆነው ይህ ነው፦

ፎሙ እሳት መቋቋሚያ የተጨመረበት ይሁን። ቁራጭ ወስደህ ደጅ ላይ በላይተር ጫፉን አቃጥል፤ ላይተሩን ስታነሳ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ የሚጠፋው እሱ ነው። እየነደደ የሚንጠባጠበውን አትግዛ። ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ አሮጌ ፎምም ተው፤ ቀድሞ ይጨመርበት የነበረው ኤችቢሲዲ በ2013 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ የተወሰነ መርዝ ነው።

ባለ 8 ሚሊ ቺፕውድ የእሳት መከለያ አይደለም፣ ራሱ ማገዶ ነው። ከሥሩ 12 ሚሊ ጂፕሰም ቦርድ ጨምርበት። እንጨት ወይም ከሰል የሚነድበት ማድ ቤት ላይ ፎም አይግባ፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ ባለበት ዙሪያውን ባዶ ተው። ከኮርኒሱ ጋር ገብቶ የሚቀመጥ አምፖል ካለ በዙሪያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ይቆረጥ።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይሄን ያዝ፦ ፎም ከገባ በኋላ ጣሪያው ላይ ብየዳ የለም። አንድ ብልጭታ ክፍተት ውስጥ ገብታ ሰዓታት ቆይታ ልትነሳ ትችላለች። የብረት ሥራው አስቀድሞ ይለቅ።

ተጠራጣሪ፦
እሺ፤ ጂፕሰሙ ካለ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝናቡን ዝም ያሰኛል ብሎ ፎም የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያስቀምጥ። ድምፅ የሚከለክለው ክብደት ነው፤ ፎም ደግሞ ክብደት የለውም። ለድምፅ የድንጋይ ሱፍና ሁለት ድርብ ጂፕሰም ነው።

አዲስ_ግንባታ፦
ክሩን ልጠልፈው፣ ይቅርታ። ሙሉውን ቤት በሽቦ ፓናል መሥራት ለሚያስብ ሰውስ? በመካከሉ ፎም፣ በሁለቱም ወገን የተበየደ ሽቦ፣ ከዚያ የሚረጭ ኮንክሪት የሚባለው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይሸከማል?

ሙሉ_ጭነት፦
ይሸከማል፤ የሚሸከመው ግን ፎሙ ሳይሆን በሁለቱ ጎን ያሉት የኮንክሪት ቅጠሎችና የሚያስተሳስሯቸው ሽቦዎች ናቸው። ለተሸካሚ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ 8 ሳንቲ ፎምና በየጎኑ 3.5 ሳንቲ ኮንክሪት ይያዛል፤ ድምሩ 15 ሳንቲ። ለክፍል መለያ በየጎኑ 2.5 ይበቃል።

ክብደቱ በካሬ 160 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የተለሰነ ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ከ250 ኪሎ በላይ ይሄዳል። በስምጥ ሸለቆ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ የታየውን መንቀጥቀጥ ሁሉም ያስታውሳል፤ የሚናወጠው ክብደት ሲያንስ ግድግዳው ላይ የሚመጣውም ኃይል ያንሳል። ሆኖም ቀላል መሆኑ ብቻ አያድነውም፤ መጋጠሚያው ካልታሰረ ቀላሉም ይወድቃል። የመዋቅር መሐንዲስ ስሌት ይቅደም።

የሚበላሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መሠረቱ ላይ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ40 ሳንቲው፣ አንዱ በውስጥ ቀጣዩ በውጭ እየተፈራረቀ፣ 40 ሳንቲ ወደ ላይ ወጥቶ መጠበቅ አለበት፤ ፓናሉ በመካከላቸው ይቆምና ከሽቦው ጋር ይታሰራል። ሁለት ፓናል በተገናኘበት ሁሉ ተጨማሪ የሽቦ ቁራጭ ይደረባል፤ በማዕዘን ላይ በውስጥም በውጭም። በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ በ45 ዲግሪ የተኛ ሽቦ ካልገባ ከማዕዘኑ የሚነሳ ስንጥቅ ይመጣል፣ የጊዜ ጉዳይ ነው። ኮንዲዩት (የኮረንቲ ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) እና የውሃ ቱቦ የሚያልፍበት መስመር ኮንክሪት ከመረጨቱ በፊት በሙቅ አየር ፎሙ ላይ ይቀረጻል። ከረጩ በኋላ መሰርሰር ማለት ተሸካሚውን ቅጠል መቁረጥ ነው።

የሲሚንቶ ግምት፦ 100 ካሬ ግድግዳ በ7 ሳንቲ ድምር 7 ኪዩቢክ ነው። ተመልሶ የሚወድቀውን 10 በመቶ ጨምርና 7.7። በኪዩቢክ 400 ኪሎ ሲሚንቶ ሲያዝ 3,080 ኪሎ፣ ወደ 62 ከረጢት።

ለሳኙ፦
ጋሼ ሙሉ_ጭነት ያሉት ላይ የእጅ ሥራውን ልጨምር። አሸዋው ከ5 ሚሊ በታች የተነፋ፣ አፈር የሌለው ይሁን። ፓናሉን በቱንቢ አቁመህ በአንድ ወገን በጣውላ ደግፈው፤ ያልተደገፈ ፓናል በሚረጨው ግፊት ይለምጣል። የመጀመሪያው ርጭት ሽቦውን እስኪሸፍን 2 ሳንቲ ያህል፤ ሁለተኛው በማግስቱ፣ በስታጃ (ቀጥ ባለ ማስተካከያ ጣውላ) ተስተካክሎ። 3.5 ሳንቲ በአንድ ጊዜ ከረጨህ ከራሱ ክብደት የተነሳ ይንሸራተትና ከሽቦው ጀርባ ባዶ ይተዋል። በእንጨት እጀታ መታ መታ አድርገህ ስማው፤ ባዶው ይናገራል።

ከዚያ ውሃ። 7 ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ። ብሎኬት ከልስኑ ውሃ ይጠጣል፣ ፎም ግን አይጠጣም፤ ውሃው የሚያመልጠው በፀሐይና በነፋስ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ውሃ ያልጠጣ የፓናል ቤት እንደ ሸረሪት ድር የሚሰነጠቀው።

ለድሬ_ሠፈር ሦስተኛ ጥያቄ፦ ግድግዳህን አሁን አታልብስ። ጣሪያውን ጨርስ፣ ለምዕራቡ ግድግዳ ጥላ ሥራለት፣ ከዚያ እይ። የግድ ከሆነ በውጭ በኩል ይሁን። ሥራውም ሰሌዳ ለጥፎ መለሰን አይደለም፦ በሲሚንቶ የተሠራ ማጣበቂያ ዙሪያውን እንደ ገመድ፣ መሃሉ ላይ ሦስት ጉብታ፣ ቢያንስ የሰሌዳው 40 በመቶ የነካ። መጋጠሚያው እንደ ብሎኬት እየተፈራረቀ፤ በመስኮት ማዕዘን ላይ መጋጠሚያ እንዳይመጣ ሰሌዳው በማዕዘን ቅርጽ ይቆረጥ። ሁለት ቀን ቆይቶ በካሬ 6 የፕላስቲክ ዳውል። ፀሐይ አይቶት ቢጫ ያረገው ገጽ በሸካራ ወረቀት ይፈተግ፤ ያ ቢጫ ዱቄት ላይ ምንም አይይዝም። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ማጣበቂያ፣ ውስጡ በካሬ 150 ግራም ገደማ የሆነ ሲሚንቶ የማይበላው የፋይበር መረብ፣ መደራረቢያው 10 ሳንቲ። ተራውን 1 ለ 3 ልስን ያለ መረብ ፎም ላይ የሚለስን ሰው በዓመቱ ያወርደዋል።

ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ድረስ ነጩን ተውና ኤክስፒኤስ የሚባለውን ጥቅጥቅ ፎም ተጠቀም፤ የሚረጨው የዝናብ ውሃ አይገባበትም።

ወለጋ_በር፦
ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ ፎም መሬት አይንካ። ምስጥ ፎም አይበላም፤ ግን ለስላሳና ሞቃት መንገድ ስለሆነለት ይቦረቡረውና በማንም ሳይታይ እስከ ጣሪያ እንጨት ይወጣበታል። በመሠረቱና በፎሙ መካከል የሚታይ የኮንክሪት ቀበቶ ይተው፣ የጭቃ መስመሩ ሲወጣ ዓይን እንዲያየው። ለአይጥ ደግሞ በጣሪያ ጠርዝ ቀዳዳዎች ላይ ባለ 6 ሚሊ ሽቦ ወንፊት።

አዲስ_ግንባታ፦
ቁርጥራጩስ? ብዙ ይተርፋል።

ሙሉ_ጭነት፦
ፍጨውና ቀላል ኮንክሪት ሥራበት፤ በጠፍጣፋ ኮንክሪት ጣሪያ ላይ ለውሃ መውረጃ ተዳፋት ጥሩ ነው። ለ1 ኪዩቢክ፦ 6 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 1 ኪዩቢክ የተፈጨ ፎም፣ 150 ኪሎ አሸዋ፣ ከ130 እስከ 150 ሊትር ውሃ። ሲደርቅ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናል። ፎሙን በጥቂት ውሃና ሲሚንቶ አስቀድመህ ካላቀባኸው ሁሉም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቫይብሬተር (ኮንክሪት የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) አታስነካው፣ በዚያው ምክንያት። ምንም ነገር አይሸከምበትም፣ መሙያ ነው።

ድሬ_ሠፈር፦
ሁሉንም አመሰግናለሁ። 5 ሳንቲ 15 ኪሎ፣ በኮርኒስ ጀርባ፣ ከላይ ባለ 2 ሳንቲ፣ ከሥር ጂፕሰም። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የኮረንቲ ገመዱ በኮርኒሱ ጀርባ እንዲሁ ተዘርግቷል፤ ፎሙን በላዩ ላይ ባነጥፈው ችግር አለው?

ጣሪያና_ኮርኒስ፦
አለው፣ ሁለት ዓይነት። የገመዱን የፕላስቲክ ልባስ የሚያለሰልሰው ዘይት ከፎሙ ጋር ሲነካካ ወደ ፎሙ ይፈልሳል፤ ገመዱ እየደረቀ ይሰባበራል፣ ፎሙም በነካው ቦታ ይቀልጣል። በተጨማሪ በፎም የተሸፈነ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል የሚሸከመው ኮረንቲ ይቀንሳል፤ ለምድጃና ለውሃ ማሞቂያ የሚሄደው መስመር ላይ ይህ አደጋ ነው። ፎሙ ከመምጣቱ በፊት ገመዶቹ ሁሉ ኮንዲዩት ውስጥ ይግቡ፣ ኮንዲዩቱም ከፎሙ በላይ በእንጨቱ ላይ ይታሰር። የመገናኛ ሳጥኖቹ ክዳናቸው ተገጥሞ ከላይ የሚታዩ ይሁኑ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነገ ሲመጣ ፎሙን እየቀደደ እንዳይፈልጋቸው።